ጨብጥና ሲፕሮ፦ መቀሌ ላይ የሚነገረውና እውነቱ

«ፀሐይ እያየ ሸንቶ ነው የያዘው» የሚለው ወሬ እስካሁን አልጠፋም። ጨብጥ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ሕፃኑ ዓይን ይገባል። ለአራስ የቴትራሳይክሊን ቅባት ዓይኑ ላይ የሚደረግለት ለዚህ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ዘመናዊ የሚመስለው እምነት ነው፦ «ፋርማሲ ሄደህ ሲፕሮ ግዛ፣ በሁለት ቀን ይደርቃል።» ሲፕሮ እርግጥ ድሮ ይሠራ ነበር። የጨብጥ ባክቴሪያ ለመራባት ጃይሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያስፈልገዋል፤ ሲፕሮም እሱን ነበር የሚያሰናክለው። ባክቴሪያው የኢንዛይሙን ቅርጽ በጥቂቱ ለወጠና መድኃኒቱ መያዣ አጣ። ከዚያ በፊት ሰልፋን፣ ፔኒሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን በየተራ አምልጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በተመረጡ አገሮች ባካሄደው ክትትል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተመረመሩት ናሙናዎች 95 በመቶው ሲፕሮን ተቋቁመዋል። ዛሬ ዋናው መድኃኒት የሆነውን የሴፍትሪያክሶን መርፌ የሚቋቋሙትም በ2022 ከነበሩበት 0.8 በመቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 5 በመቶ አድገዋል።

«ፈሳሹ ከቆመ ድኛለሁ» ማለትም አያዋጣም። ምልክቱ ጠፍቶ ባክቴሪያው ሊቆይ ይችላል። አብዛኞቹ ሴቶች ደግሞ ከመነሻው ምልክት አያዩም። ባል ብቻውን ታክሞ ሲመለስ በሽታው ከሚስቱ እንደገና ይይዘዋል፤ እሷ ግን ማህፀኗና ቱቦዎቿ እየተጎዱ ትቆይና «መሃን» ተብላ ትፈታለች። ይህ በደል ነው።

ጤና ጣቢያዎቻችን ጨብጥን የሚያክሙት በአብዛኛው ምልክት አይተው ነው። ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ በዕለቱ መድኃኒት መስጠት ያስችላል፤ ምልክት የሌላትን ሴት ግን አያገኛትም፣ መድኃኒት የተላመደውንም ባክቴሪያ አይለይም። እሱን የሚለየው ባክቴሪያውን አሳድጎ በመድኃኒት የሚፈትነው የካልቸር ምርመራ ነው። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ይህን ሁሉ አባባሰው፦ በ2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት በመደበኛ ሁኔታ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶው ብቻ ነበሩ።

በዚያው ጦርነት ብዙ ሴቶች ተደፈሩ። «ጨብጥ የሴሰኛ በሽታ ነው» የሚል ሰው መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ባለው፣ ለተደፈሩ ሴቶች በተከፈተው የአንድ መስኮት ማዕከል የታከሙትን እህቶቻችንን ያስብ። ይህ ንግግር ታማሚዋን ከሕክምና ያርቃታል። የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች የኤችአይቪ መከላከያም ታገኛለች፤ ብትዘገይም የጨብጥ ሕክምናዋ አይቀርባትም።

«አዲስ መድኃኒት መጥቷል» የሚለው ተስፋ እውነት አለው። ዞሊፍሎዳሲን የሚያጠቃው ያንኑ ጃይሬዝ ነው፤ የሚይዘው ግን ሲፕሮ በማይነካው ሌላ ክፍሉ ላይ ስለሆነ ሲፕሮን የተላመደውንም ይገድላል። ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በአምስት አገሮች 930 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ በ2023 እ.ኤ.አ. ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ያለ ማዘዣ እንደ ሲፕሮ ከተሸጠ ግን ባክቴሪያው ይህንንም ይላመዳል።

መርፌውን ወስዶ ፈሳሹ ያልቆመለት ሰው ሌላ ክኒን ፍለጋ ፋርማሲ አይሂድ። የፍቅር ጓደኛውን ወይም ባለቤቱን ይዞ ወደ ታከመበት ቦታ ይመለስ፤ ለካልቸር መላክ ያለበት ናሙና የእሱ ነው።