የአልጣሽ አንበሳና ፎቶ የሚለየው ኮምፒውተር

በዛፍ ግንድ የሚታሰረው የዱር ካሜራ ሰው ሳይነካው ፎቶ ያነሳል። ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው አካል ከፊቱ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ያለው የሙቀት መለኪያ ያነቃዋል፤ ሌሊትም ለዓይን በማይታይ ብርሃን ጥቁርና ነጭ ምስል ያስቀራል። ከአብርሃ ጅራና ከመተማ በስተደቡብ፣ በቋራ ቆላ በሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ለዓለም የተረጋገጠው በእንዲህ ያለ ካሜራ ነው። የአገሬው ሰው ግን ቀድሞም ያውቅ ነበር። በሐንስ ባወር የተመራው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአልጣሽና ከድንበር ማዶ በሚያያዘው የሱዳን ዲንደር ፓርክ በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገምቷል።

ከባዱ ሥራ፣ ከባዶዎቹ መካከል እንስሳ ያለበትን ፎቶ መለየት፣ ፎቶው ከተሰበሰበ በኋላ ይመጣል። የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የአውሬው ገላና የመሬቱ ግለት ስለሚቀራረቡ ካሜራው የሚያልፈውን እንስሳ ሳያነሳው ሊቀር ይችላል። ፀሐይ ያጋለው ረጅም ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ ግን ደጋግሞ ያነሳል። በታንዛኒያው ሰረንጌቲ 225 ካሜራዎች ካነሷቸው ፎቶዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ እንስሳ አልነበረባቸውም።

ይህን ክምር በመለየት ኮምፒውተር ሊያግዝ ይችላል፤ መለየትን የሚማረው ሰዎች አስቀድመው ስም ከሰጧቸው ፎቶዎች ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3.2 ሚሊዮን የሰረንጌቲ ፎቶዎች 48 ዝርያዎችን ከ93 በመቶ በላይ በትክክል መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ይሁንና ማሽኑ ከእንስሳው ጋር ቦታውንም ይለምዳል። ተመራማሪዋ ሳራ ቢሪና ባልደረቦቿ በዚያው ዓመት እንዳሳዩት፣ ያላየው ሥፍራ ሲቀርብለት ስህተቱ ይበዛል። የሰረንጌቲን ሜዳ የተማረ ማሽን በአልጣሽ የቀርከሃ ጫካ ውስጥ እንዲሁ ሊታመን አይገባም።

ስለዚህ ለቆላው የሚሻለው በሁለት ደረጃ መሥራት ነው። ሜጋዲቴክተር የተባለው ፕሮግራም የዝርያ ስም አይሰጥም፤ በፎቶው ላይ እንስሳ፣ ሰው ወይም ተሽከርካሪ መኖሩን ብቻ ይለያል። ዝርያውን አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ ይሰይማል። አንበሳ ብርቅ በሆነበት ቦታ ማሽኑ በጥቂቱ የጠረጠረውንም ፎቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አሥር ባዶ ፎቶ ማየት አንድ አንበሳ ከማጣት ይሻላል። ከብት የሚያግደውና ዕጣን የሚለቅመው ሰው ምስልም ሳይፈቅድ ስለተነሳ፣ ማንም ከማየቱ በፊት ተነጥሎ ሊጠበቅ ይገባል።

አንዱን አንበሳ ሁለቴ ላለመቁጠር ደግሞ የጢሙ ነጥቦች አደራደር ይታያል፤ አደራደሩ ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል። የሌሊት ፎቶ ነጥቦቹን አጥርቶ ስለማያሳይ ይህ ሥራ ዛሬም የሰለጠነ ዓይን ይፈልጋል።