የተዘጋው ፋብሪካና ትንሹ ባቡር

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ሽቦ ጠምዝዘው፣ ቆርኪውን ጎማ አድርገው መኪና ሲሠሩ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ባቡርንም እንዲሁ የልጅ መጫወቻ ያደረገ ሰው ነበር፤ ይኸውም እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ ነው።

ሆርንቢ በ1901 እ.ኤ.አ. እየተፈታ የሚገጠም የብረት መጫወቻ ፈጥሮ መብቱን አስመዘገበ። በ1920 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሊቨርፑል ከተማ እንደ ሰዓት በቁልፍ እየተሞላ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ባቡሩ በብሎንና በዳዶ የተያያዘ ስለ ነበረ፣ ልጁ ሲፈታና ሲገጥም ሳይታወቀው ሙያ ይማር ነበር።

ዘመን ተለወጠና በሊቨርፑል የነበረው ፋብሪካ በ1979 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ስሙን ሌላ ኩባንያ ይዞ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በልጅነታቸው የተጫወቱበት ሽማግሌዎችም አሮጌውን ባቡር ከሣጥን አውጥተው፣ የላላውን አጥብቀው፣ ዘይት ቀብተው አሁንም ያስኬዱታል። ፋብሪካው ቢዘጋም የእጃቸው ሙያ አብሮ አልተዘጋም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ሰበታ ነው። ነገ ይህን ባቡር የሚጠግነው ዛሬ በደጃችን ሽቦ የሚጠመዝዘው ልጅ ሊሆን ይችላልና፣ ሽቦውን ቆሻሻ ነው ብለን አንጣልበት።