እንዶድና ቀንድ አውጣ፦ ከወንዝ ዳር የተገኘ ዕውቀት

«አሳሽ» የሚለውን ቃል ስንሰማ አብዛኞቻችን የሚታየን ጨረቃ ላይ የወጣ ወይም ውቅያኖስ የጠለቀ ሰው ነው። ልክ ነው፣ እነሱም አሳሾች ናቸው። ነገር ግን ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚረግጠውን የወንዝ ዳር እንደ አዲስ አገር የመረመረ ሰውም አሳሽ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እንዲህ ያለ ሰው፣ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ በሽታው እንነጋገር። ልጆች ሳለን ታናሽ ወንድሜ ሆዱን እያመመው ደም ያስቀምጠው ነበር። ቤት ውስጥ «ቁርጠት ነው» ተባለ። በኋላ ጤና ጣቢያ ሲመረመር ቢልሃርዝያ ሆኖ ተገኘ። ክኒን ዋጠና ተሻለው። ታዲያ ወር ሳይሞላ እዚያው ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ አገኘሁት! በዓመቱ በሽታው ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ ደካማ ነው» ብዬ ነበር። ለካ ጥፋቱ የመድኃኒቱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢልሃርዝያ ትል የሚኖረው በሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። በአንጀት ቢልሃርዝያ የትሉ እንቁላል ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰገራው ውኃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና ጥቃቅኑ እጭ በውኃ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ለሳምንታት ሲራባ ይቆይና እጅግ በዝቶ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሰው ሲታጠብ፣ ሲዋኝ ወይም ወንዝ ሲሻገር ቆዳውን በስቶ ይገባል። ስለዚህ ውኃውን ባንጠጣውም በሽታው ይይዘናል ማለት ነው። ሰውየው ታክሞ ቢድንም፣ ቀንድ አውጣውና የተበከለው ውኃ እስካሉ ድረስ በሽታው ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዶክተር አክሊሉ እንመለስ። በ1964 በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣት ሳይንቲስት ነበሩ። ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ዐድዋ ሄደው በየወንዙ ቀንድ አውጣ ይፈልጉ ነበር። በወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ልማዳቸው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ አንድ ነገር ልብ አሉ፤ አረፋው በሚወርድበት በኩል የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል፤ ከማጠቢያው ራቅ ባለው ቦታ ግን ይህን ያህል የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እናቴ በእንዶድ ነጠላ ስታጥብ አጠገቧ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ! አረፋው ሲሄድ ዓይቻለሁ፣ ቀንድ አውጣም ዓይቻለሁ። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አላየኋቸውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ማየት ብቻ አልበቃቸውም። ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች አዘጋጁና አንዷን አጣቢ ከአረፋዋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በክፍል የምንማረው የሳይንስ ዘዴ ይኸው ነው፤ ማስተዋል፣ መጠየቅ፣ መሞከር። ከዚያም ነገሩ ወደ ላቦራቶሪ ገባ። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲደባለቅ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም እሱው ነው። በውኃ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይበሰብሳል።

በ1966 ዶክተሩ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ኢንስቲትዩቱ በኋላ በስማቸው ተሰይሟል። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዐድዋ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። በወንዞቹ ውስጥ እንዶድ እየተጨመረ ሕዝቡ ተመረመረ። ውጤቱም፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለምን ሕፃናቱ? ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በትልልቆቹ ላይ የሚታየው የቆየውም በሽታ ነው፤ ወንዙ መጽዳቱን የሚመሰክረው አዲስ የሚያድገው ልጅ ነው።

ታዲያ ዓለም ወዲያው ተቀበለው እንዴ? አልተቀበለውም። በፋብሪካ የሚሠራው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ይበቅላል። ይሁን እንጂ እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደማያመጣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይረጋገጥ ተብሎ ብዙ ዓመታት አለፉ። መርዛማነትን መመርመር ተገቢ ነው። ሆኖም ከአፍሪካ የመጣ ምርምር በቀላሉ አለመታመኑ ዶክተር አክሊሉን ያሳዝናቸው ነበር። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ መካከል የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው የተሻለ ምርት የሚሰጠውን ለመምረጥ ደከሙ። በ1989 ሁለቱ በጋራ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

እውነቱን ለመናገር እንዶድ ብቻውን በሽታውን አላጠፋውም። የታመመ ሰው ዛሬም የሚድነው ፕራዚኳንቴል በሚባለው ክኒን ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ማንም እንደፈለገ ወንዝ ውስጥ የሚያፈሰው አይደለም። ለሰውም መርዝ ነውና «መድኃኒት ነው» ብሎ መጠጣት አደገኛ ነው። ይህን ለምናውቃቸው ሁሉ እንንገር።

ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ነገ ወንዝ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት እንመደባለን። ተማሪዎቻችን እዚያው ይዋኛሉ፣ እዚያው ውኃ ይቀዳሉ። የትሉን ዙር በሰሌዳ ላይ ሥሎ ማሳየት ጠመኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሽንት ቤት መጠቀም ለምን እንደሚያስፈልግ በቃል ከማስጠናት ይልቅ በዚያ ሥዕል ላይ ሰንሰለቱ የት እንደሚበጠስ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት። አንዱ ልጅ ተነስቶ «ጋሼ፣ ቀንድ አውጣው ለምን ሞተ?» ቢለን ደግሞ «ዝም በልና ጻፍ» አንበለው። መልሱን ባናውቀው እንኳ አብረነው ወንዝ ዳር እንውረድ፤ ውኃው ውስጥ ሳንገባ!