ያውቁ ኖሯል? የሱሉልታ ወተትና የአንጀት ዘብ

የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን የአንዲት ሴል ውፍረት ብቻ እንዳለው፣ በየ3 እስከ 5 ቀኑም እንደሚታደስ ያውቁ ኖሯል? ከዚህ ስስ አጥር ጀርባ እጅግ ብዙ የመከላከያ ሴሎች ዘብ ይቆማሉ። ዘቦቹ ጠላት ሳይኖር ሲነሱ የገዛ አንጀታችንን ያቆስላሉ፤ ክሮንስ የሚባለው ሕመም አንዱ ነው።

ለአዲስ አበባ ወተት በሚያቀርቡት ሱሉልታና ሰበታ ግን ክሮንስ የሚመስል የአንጀት ሕመም ሲያጋጥም ሌላም መጠርጠር አለበት። በመዲናዋ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች የከብት ቲቢ በስፋት እንዳለ አሳይተዋል። ጀርሙ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይገባል፤ አንጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያርፈውም ክሮንስ በሚያዘወትረው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። ቁርጠቱ፣ ተቅማጡ፣ ክሳቱ፣ ትኩሳቱ ይመሳሰላል፤ ከአንጀት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንኳ ሊያሳስት ይችላል።

ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ቲቢ ለወራት የሚወሰድ ፀረ ቲቢ መድኃኒት ይፈልጋል። ክሮንስን የሚያበርደው ስቴሮይድ ደግሞ ዘቡን ስለሚያስተኛ ቲቢውን ያባብሰዋል። እናም ሐኪምዎ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ ቢመረምርዎ እባክዎ አይሰልቹ። ለክሮንስ የሚሰጡ አንዳንድ አዳዲስ መርፌዎችም ለዓመታት አድፍጦ የኖረን ቲቢ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል።