ኳሱ ሳይደርስ፦ ሽመልስንና ሱራፌልን እንዴት እናወዳድር?

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲረቱ ሁለቱን ግቦች ያስቆጠሩት ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ናቸው። ሁለቱም አማካዮች፣ ሁለቱም ወደ ግብ የሚያዩ። ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ከሊበን ገጠር ለገበያ የወጣው ወጣት ሳይቀር፣ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ማን ይበልጣል ይባላል። አንዱ የሱራፌልን የሩቅ ምት ይጠቅሳል። ሌላው፣ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ሽመልስ እኮ ግብፅ ሄዶ ዓመታት የተጫወተ ልጅ ነው» ይላል። ክርክሩ ይሞቃል፣ ፍርድ ግን አይገኝም።

ፍርድ የሚጠፋው ሁለቱም ወገኖች ኳስ በእግር የተያዘበትን ቅጽበት ብቻ ማስረጃ ስለሚያደርጉ ነው። ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ የሚሆን ሜዳ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ 105፣ ስፋቱ 68 ሜትር ነው። በዚህ ሜዳ ላይ አንድ አማካይ በ90 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ኳስ እግሩ ሥር የሚቆየው ግን ተደማምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። በቀረው ጊዜ ሁሉ ሥራውን የሚሠራው ያለ ኳስ ነው። አጥቂን በግቡ፣ በረኛን ባዳነው ኳስ መመዘን ይቻላል። አማካይ ግን በሦስቱ ደቂቃ ብቻ ከተመዘነ ይበደላል።

እኛ ደግሞ የቀረውን ጊዜ ማየት ከባድ ሆኖብናል። ቴሌቪዥን የሚከተለው ኳሱን ነው። ሽመልስ ከተከላካዩ ጀርባ ሦስት እርምጃ ሸሽቶ ክፍተት ሲያበጅ ካሜራው ሌላ ጥግ ላይ ነው፤ እኛ የምናየው ኳሱ ሲደርሰው ብቻ ስለሆነ «እንዴት ባዶ ቦታ አገኘ?» ብለን እንደነቃለን። ስታዲየም የገባ ሰው ግን ሜዳውን በሙሉ ያያል። ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን 9 ነጥብ ሙሉ በሙሉ በአገራችን ሜዳ የተገኘ ነው፤ ከሦስቱ ድሎች ሁለቱ፣ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 እና ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረታንባቸው፣ ባሕር ዳር ላይ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ሲያግድ የምዕራብ ጎጃም ሰው ብሔራዊ ቡድኑን በዓይኑ የሚያይበት ቅርብ ቦታ አጣ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ሁለተኛዋን ግብ ያገባው ሽመልስ ነበር፤ እኛ ግን ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ነው ያየነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ ያለ ኳስ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የመጀመሪያው መቃኘት ነው። ጥሩ አማካይ ኳሱ ወደ እሱ ከመምጣቱ በፊት አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራና ወደ ኋላ ያዞራል። ጌይር ዮርዴት የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ የእንግሊዝ ሊግ ተጫዋቾችን በቪዲዮ ተከታትሎ፣ ከመቀበላቸው በፊት ደጋግመው የሚቃኙት ኳሱን ለጓደኛቸው በትክክል በማድረስ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ጎበዝ የውሃ አባት የትኛው ማሳ እንደተጠማ የሚያውቀው ውሃው ቦዩ ላይ ከደረሰ በኋላ አይደለም። ሁለተኛው የሰውነት አቋም ነው። ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ የሚቀበል አማካይ ያለው ምርጫ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው። ገደድ ብሎ፣ ግማሽ ትከሻውን ወደ ተጋጣሚው ግብ አድርጎ የቆመ ግን ኳሱን ባገኘበት ንክኪ ወደፊት ይዞራል።

ሽመልስ በቀለ በእኔ ዓይን የዚህ ሁለተኛ ጥበብ ባለቤት ነው። ሐዋሳ ተወልዶ ለሐዋሳ ከተማና ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቷል፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካ ውድድርም ነበረ። ከዚያ በኋላ ፔትሮጄትን ጨምሮ በግብፅ ክለቦች ለዓመታት ቆየ። በዚያ ሊግ ተከላካዮች ተጠጋግተው ስለሚቆሙ ኳስ ይዞ የሚዘገይ አማካይ ይነጠቃል። ሽመልስ በአንድና በሁለት ንክኪ የሚጨርሰው ለዚህ ይመስለኛል። ትልቁ ጉልበቱ ግን ዘግይቶ መድረሱ ነው፦ አጥቂዎቹ ተከላካዮቹን ይዘው ሲገቡ እሱ ወደ ኋላ ይቀርና ሁሉም የረሱት ሰዓት ላይ የግብ ክልሉ ውስጥ ይገኛል። ድክመቱም ከዚሁ ይወለዳል። ክፍተት የሚጠብቅ ሰው ክፍተት ካላገኘ ከጨዋታው ይጠፋል። ጨዋታው የመሯሯጥና የመጋጨት ሲሆን፣ ረጅም ኳስ ከራሱ በላይ ሲመላለስ፣ ሃያ ደቂቃ ስሙ ላይጠራ ይችላል። ኳስ በማስጣልም አይታወቅም።

ሱራፌል ክፍተት አይጠብቅም፤ ራሱ ይከፍታል። ከአዳማ ከተማ ወደ ፋሲል ከነማ መጥቶ በ2013 ዓ.ም. ክለቡ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ለሚገኘው ላውደን ዩናይትድ ፈረመ። ኳስ ይዞ ሰው ላይ ይሄዳል፣ አንዱን ያልፋል፣ ሁለተኛው ተከላካይ ሲመጣበት ሦስተኛው ተከላካይ ቦታውን ለቆ ስለሚረዳው የሆነ ቦታ ላይ አንድ ጓደኛው ነፃ ይሆናል። ይህ የማለፉ ትክክለኛ ጥቅም ነው፤ ብዙ ተመልካች ለአብዶው እያጨበጨበ ነፃ የሆነውን ጓደኛ ሳያይ ይቀራል። ከሩቅ መምታቱም ከግብነት በላይ ዋጋ አለው፦ ተከላካዮች ምቱን ፈርተው ወደፊት ሲወጡ ከጀርባቸው ቦታ ይተዋሉ። ዕዳውም አለ። የሚሞክረው ከባድ ነገር ስለሆነ ኳስ ይነጠቃል፤ የሚነጠቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሐል ሜዳ ላይ፣ የመስመር ተከላካዮቻችን ወደፊት በሄዱበት ሰዓት ነው። ጠንካራ ቡድን እንዲህ ዓይነቷን ኳስ በሦስትና በአራት ቅብብል ግብ ያደርጋታል።

እንግዲህ ሁለቱን ብቻ አቁሞ ማወዳደር ያልተሟላ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የሚያምሩት ከኋላቸው የተነጠቀውን የሚለቅም፣ ለተከላካዮቹ ቀርቦ የሚቆም ሰው ሲኖር ነው። ለኢትዮጵያ ቡና የተጫወተው አማኑኤል ዮሐንስ በብሔራዊ ቡድኑ ይህን ሥራ ሲሠራ ስንቱ ሰው ልብ ብሎታል? እንዲህ ያለው ተጫዋች በክርክራችን ውስጥ ስሙ አለመነሣቱ ትልቅ ግፍ ይመስለኛል።

ይህን ለማየት ቴሌቪዥን አያስፈልግም። እሑድ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ የሰፈር ልጆች ሲጋጠሙ አንድ አማካይ ምረጡና ለ10 ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተሉ፤ ኳሱ የትም ይሂድ። ሲያስቸግር ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ኳሱን ይይላችሁ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት አንገቱን አዞረ ወይ? ሲቀበል ትከሻው ወዴት ነበር? ሲነጠቅ በሚቀጥሉት አምስት ሰከንዶች ምን አደረገ፣ ሮጠ ወይስ እጁን ወደ ዳኛው አነሣ? ጓደኛው በተጋጣሚ ሲከበብ መሸሻ ሆነለት ወይስ ከተጋጣሚው ጀርባ ተደብቆ ቆመ? ልጁ አንድም ግብ ሳያገባ፣ አንድም ሰው ሳያልፍ የሜዳው ምርጥ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ካገኛችሁት ለአሰልጣኙ ንገሩት፤ እንደዚህ ያሉ ልጆች ሰው ሳያያቸው ያድጋሉ፣ ሰው ሳያያቸውም ኳስ ይተዋሉ።

ወደ ሁለቱ ልመለስና የራሴን ፍርድ ልስጥ። ተጋጣሚው ግቡ ላይ ተከምሮ ሲከላከል ሽመልስን አስቀድማለሁ፤ በጠባብ ቦታ የሚዞርና በድንገት የሚደርስ ሰው ያስፈልጋልና። ተጋጣሚው ከፍቶ ሲጫወት ወይም አንድ ግብ ፍለጋ ጨዋታው ሲደነዝዝ ሱራፌል ይግባ፤ አንድን ሰው ያለፈ እንደሆነ ሜዳው ይነቃል። 1 ለ 0 እየመራን 70ኛው ደቂቃ ላይ ከሁለቱ አንዱን አውጣ ብትሉኝ ግን የማወጣው ሱራፌልን ነው፣ የፋሲል ደጋፊዎች ይቅር ይበሉኝና። በዚያ ሰዓት የምፈልገው ኳስ የማይነጠቅ ሰው ነው።