ለታመመ ክርን ልክ ያለው ሥራ ያስፈልገዋል

በወላይታ ዞን እንሰት ያለ ክንድ ጉልበት ለገበታ አይደርስም። ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ የሚፋቀው በሴቶች እጅ ነው። በሬ የሌለው ገበሬም ማሳውን የሚያዘጋጀው በዶማ ቆፍሮ ነው። ስለሆነም የአንድ ሰው ክርን ሲታመም የቤተሰቡ ቆጮና የማሳው ዝግጅት አብረው ይጓተታሉ።

ሕመሙ የሚሰማው በክርን ውጫዊ ጎን ነው። እጅን ከአንጓው ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች በዚህ ቦታ ከአጥንቱ ጋር የተያያዙት በጅማት ነው። እጅ መፋቂያ ወይም ዶማ አጥብቆ በያዘ ቁጥር ጅማቱ ይወጠራል፤ ጭነቱ ከአቅሙ ሲያልፍም ይታመማል። ሐኪሞች «የቴኒስ ክርን» ይሉታል፤ ይሁንና ከሚታመሙት አብዛኞቹ ቴኒስ የሚጫወቱ አይደሉም።

አንዳንዱ ሕመሙን ችሎ እንደ ወትሮው ይቆፍራል። ሌላው ክንዱን አስሮ ለወራት ያሳርፋል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ወይፈን በመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ አይጠመድም፤ ታስሮ በመክረምም እርሻ አይለምድም። ጅማትም የሚበረታው በልክ ተጭኖ ጭነቱ ቀስ በቀስ ሲጨመርለት ነው።

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ክንድን በጠረጴዛ ወይም በጭን ላይ አሳርፎ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ፣ እጅን ከጠርዙ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። ሕመሙ ጠንከር ባለበት ሰሞን ጠርሙሱን ሳያንቀሳቅሱ ለ30 ሴኮንድ ያህል ይዞ መቆየት፣ ይህንንም አምስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ሲሻል በደህናው እጅ እየተረዱ ማንሳት፣ ከዚያም በታመመው እጅ ብቻ በአራት ሴኮንድ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ይህም 10 ጊዜ፣ በየመካከሉ እያረፉ ሦስት ዙር ይሠራል። ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጨመር ክብደቱን ማሳደግ አያስቸግርም።

በልምምዱ ጊዜ መጠነኛ ሕመም ቢሰማ አያስፈራም። መለኪያው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሕመሙ ከብሶ ካደረ ክብደቱን መቀነስ ይገባል። ውጤቱ በሳምንት አይታይም፤ ሦስት ወር ያህል መታገሥን ይጠይቃል።

መርፌ ቶሎ ያስታግሳል ብለው የሚጠይቁ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ በ165 ሕመምተኞች ላይ ይፋ የሆነ ጥናት ግን የስቴሮይድ መርፌ ከተወጉት 54 ከመቶ፣ ማስመሰያ መርፌ ከተወጉት 12 ከመቶ ብቻ በዓመቱ ውስጥ እንዳገረሸባቸው አሳይቷል።

ክርኑ ካበጠ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለው፣ እጅ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ የጀመረው በመውደቅ ከሆነ ልምምድ ሳይጀመር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች እዚህ ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ተግባር አለ። የታመመ አባል ከደቦ እንዲወጣ ከማድረግ ይልቅ ለጊዜው ዘር በመዝራት ወይም ሌላ ቀላል ሥራ ላይ ሊመድቡት ይችላሉ። ፋቂ ሴቶች በየተራ እንዲያርፉ፣ መፋቂያና ዶማ በጊዜው እንዲሳሉ፣ ቀጭን እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲወፍር ማሳሰብም ይገባል። ወደ ሙሉ ሥራ የሚመለስ ሰው በመጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎም ለአንድ ሰዓት እየሠራ ቢለማመድ ክንዱ ለመጪው የእንሰት ፍቂያ ይደርሳል።