የኮምፓውንድ ደጋን የመሳብ ኃይል ከተቀየረ በኋላ ሊደረጉ የሚገባቸው ምርመራዎችና ማስተካከያዎች

የኮምፓውንድ ደጋን አንዱ ጠቀሜታ የመሳብ ኃይሉ እንደ ባለቤቱ አቅም በብሎን ሊጨመር ወይም ሊቀነስ መቻሉ ነው። በማደግ ላይ ያለ ታዳጊ፣ ከትከሻ ሕመም ያገገመ ስፖርተኛ ወይም ለውድድር የሚዘጋጅ ቀስተኛ አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ያለውን ደጋን ለራሱ ማስማማት ይችላል። ይሁን እንጂ ብሎኑን ማዞር የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ለቀድሞው ኃይል የተመረጠ ፍላጻ በአዲሱ ኃይል ሲለቀቅ ዒላማውን ከመሳት አልፎ እጅ ላይ ተሰብሮ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የመሳብ ኃይል ከተቀየረ በኋላ ምን ምን ሊመረመር እንደሚገባ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

የመሣሪያው አሠራር

ኮምፓውንድ ደጋን በአሜሪካዊው ሆለስ ዊልበር አለን የተፈለሰፈ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱም በ1969 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። በክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ካም የሚባሉ መዘውሮች አውታሩ እየተሳበ ሲሄድ የሚሰማውን ጫና መጀመሪያ ከፍ አድርገው በመጨረሻ በእጅጉ ይቀንሱታል። ለምሳሌ 56 ፓውንድ (25.4 ኪሎ ግራም ገደማ) የሆነና 80 በመቶ የሚያቀል ደጋን ተስቦ ሲያልቅ በእጅ ላይ የሚቀረው ጫና 11 ፓውንድ (5 ኪሎ ግራም) ያህል ብቻ ነው። እጅ ላይ የሚሰማው ጫና ቀላል ስለሆነ ግን በክንዶቹ ውስጥ የተከማቸው ጉልበት ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ብሎኑን ከመንካት በፊት

በመጀመሪያ የአምራቹ መመሪያ ሊነበብ ይገባል። ብሎኑ ምን ያህል ዙር ሊላላ እንደሚችል የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ከተላላ ክንዱ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ቀጥሎ በሁለቱ ካሞች ዘንጎች መካከል ያለውን ርቀት፣ ከእጀታው እስከ አውታሩ ያለውን ርቀት እና በደጋን ሚዛን የተለካውን የመሳብ ኃይል በወረቀት ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያልተመዘገበ መሣሪያ በምን ያህል እንደተለወጠ ማወቅ አይቻልም።

ኃይሉን መቀየር

በአንዳንድ ደጋኖች ላይ ክንዱን ቆልፎ የሚይዝ ትንሽ ብሎን ስለሚኖር በቅድሚያ እርሱ ይላላል። ከዚያም ዋናው የክንድ ብሎን በኤለን ቁልፍ ይዞራል፤ ሲጠብቅ ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲላላ ይቀንሳል። አንድ ሙሉ ዙር በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ያህል ለውጥ ያመጣል። የላይኛውና የታችኛው ብሎን በእኩል መጠን መዞር ይኖርባቸዋል። በመሆኑም አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውንም ግማሽ ዙር እያፈራረቁ መሄድ ይመረጣል። ሥራው ሲጠናቀቅ የተላላው መቆለፊያ መልሶ ይጠብቃል፤ ኃይሉም በዙር ብዛት ከመገመት ይልቅ በሚዛን ይለካል። በወርልድ አርቸሪ ደንብ ለኮምፓውንድ የተፈቀደው ከፍተኛ ኃይል 60 ፓውንድ ስለሆነ ተወዳዳሪዎች ይህን ልኬት በልዩ ትኩረት ሊይዙት ይገባል።

ፍላጻው ለአዲሱ ኃይል ተስማሚ ስለመሆኑ

ከሁሉም ምርመራዎች ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ ነው። የፍላጻ ዘንግ ግትርነት የሚለካው 71 ሴንቲ ሜትር ርቀት ባላቸው ሁለት መደገፊያዎች ላይ አስቀምጦ መሐሉ ላይ 880 ግራም በማንጠልጠል ነው። 400 የተባለ ዘንግ 10 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 340 የተባለው ደግሞ 8.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይበልጥ ግትር ነው። የመሳብ ኃይል ሲጨመር ያው ዘንግ ይበልጥ ስለሚጎብጥ፣ በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት ይበልጥ ግትር ወደሆነ ዘንግ መሸጋገር ሊያስፈልግ ይችላል።

ክብደቱም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። በርካታ የደጋን አምራቾች ለአንድ ፓውንድ ኃይል ቢያንስ 5 ግሬን የፍላጻ ክብደት እንዲኖር ይጠይቃሉ። አንድ ቀስተኛ በ50 ፓውንድ ደጋን 270 ግሬን (17.5 ግራም) ፍላጻ ይጠቀም ነበር እንበል። ለ50 ፓውንድ የሚፈለገው 250 ግሬን በመሆኑ ፍላጻው ተገቢ ነበር። ኃይሉን ወደ 56 ፓውንድ ሲያሳድግ ግን የሚፈለገው 280 ግሬን ይሆናል። ፍላጻው ምንም ሳይለወጥ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ወርዷል ማለት ነው። ከመጠን በላይ የቀለለ ፍላጻ ጉልበቱን በሙሉ ይዞ ስለማይሄድ ትርፉ ወደ ክንዶቹና ወደ አውታሩ ይመለሳል። ባዶ አውታር መልቀቅ በፍጹም የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የካሞችና የአውታር ምርመራ

ብሎኑ ሲዞር ቀድሞ የተመዘገቡት ርቀቶች በጥቂቱ ይለወጣሉ። ሁለት ካም ባላቸው ደጋኖች ላይ የላይኛውና የታችኛው ካም በአንድ ጊዜ መቆሚያቸው ላይ መድረሳቸው ሊረጋገጥ ይገባል። ይህን ለማየት አንድ ሰው ፍላጻ የተሰካበትን ደጋን አስተማማኝ መመከቻ ወዳለው ዒላማ አቅጣጫ ሲስብ ሌላው ከጎን ሆኖ ይመለከታል፤ ከፊት ለፊት መቆም የተከለከለ ነው። ፍላጻው ከአውታሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘንም በማዕዘን መለኪያ ይታያል። በአውታሩ ላይ ያለው መመልከቻ ቀዳዳም ደጋኑ ሲሳብ ከዓይን ትይዩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የወረቀት ሙከራ

በፍሬም ላይ የተወጠረ ወረቀት ከዒላማው ፊት ይቀመጥና ቀስተኛው ከወረቀቱ 2 ሜትር ያህል ርቆ ይለቃል። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ከሄደ በወረቀቱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳና የላባዎቹ ምልክት ብቻ ይታያል። የጅራቱ ቅዳጅ ከጫፉ ቀዳዳ በላይ ከሆነ ጅራቱ የሚሰካበት ነጥብ ከፍ ብሏል፤ ነጥቡን ዝቅ ወይም የፍላጻ ማረፊያውን ከፍ ማድረግ ይገባል። ከታች ከሆነ ተቃራኒው ይደረጋል። ቅዳጁ ወደ ጎን ከሆነ ማረፊያውን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሶ መልሶ መሞከር ያስፈልጋል፤ ቅዳጁ ከሰፋ አቅጣጫው ይቀየራል። በየሙከራው መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። በቀኝ እጁ በማስለቀቂያ የሚስብ ቀስተኛ ላይ ጅራቱ በተደጋጋሚ ወደ ግራ የሚቀድ ከሆነ ዘንጉ ለኃይሉ የላላ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሠንጠረዡ መመለስ ይመከራል።

ማነጣጠሪያውን እንደገና ማስተካከል

ኃይሉ ሲጨመር ፍላጻው ስለሚፈጥን በቀድሞው ምልክት ከዒላማው በላይ ያርፋል። መርሁ ማነጣጠሪያውን ፍላጻው ወዳረፈበት አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ነው፤ ከላይ ካረፈ ወደ ላይ፣ ከታች ካረፈ ወደ ታች። ከቅርብ ርቀት ጀምሮ ወደ ሩቁ መሄድና ለእያንዳንዱ ርቀት አዲስ ምልክት መያዝ ያስፈልጋል። የኮምፓውንድ የሜዳ ውድድር በ50 ሜትር ስለሚካሄድ ተወዳዳሪዎች ይህን ርቀት በመጨረሻ ሊያረጋግጡ ይገባል።

ለባለሙያ ሊተው የሚገባ ሥራ

አውታሩን ወይም ኬብሉን መፍታት፣ መጠምዘዝና መለወጥ እንዲሁም ካም ማንሳት ክንዶቹን ጨምቆ የሚይዝ ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። የካሞቹ እንቅስቃሴ እኩል ካልሆነ፣ ክንዱ ላይ ስንጥቅ ከታየ ወይም አውታሩ ከተበጣጠሰ ደጋኑ ሳይሳብ ወደ ባለሙያ መወሰድ አለበት። የካርቦን ፍላጻም ከእያንዳንዱ ልቀት በፊት በጥቂቱ ጎበጥ ተደርጎ መመርመር አለበት፤ ስንጥቅ ያለበት ወይም ድምፅ የሚያሰማ ፍላጻ ከአገልግሎት ውጪ ይደረጋል።

በአጠቃላይ የመሳብ ኃይልን መቀየር ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ቢሆንም፣ ተከታዩ ምርመራ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ወላጆችና አሠልጣኞችም ታዳጊዎች የደጋናቸውን ብሎን ያለ አዋቂ ክትትል እንዳያዞሩ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።